ዩኔምን ተወውና ኮምፓይለሩን ጠይቀው

ላፕቶፕህ ላይ ሆነህ ለ64 ቢት የአርም ሰሌዳ (ከኢንቴል የተለየ ፕሮሰሰር ላለው ትንሽ ኮምፒውተር) በሲሜክ፣ ማለትም የፕሮግራም ግንባታን በሚመራው መሣሪያ፣ ቢልድ ስታደርግ ስክሪፕቱ “ኤክስ86_64” (የ64 ቢት ኢንቴል ፕሮሰሰር ስም) ብሎ የኢንቴል ፋይሎችን እያስገባ ኮምፓይለሩ እንደሚያስቆምህ ጽፈሃል። ስክሪፕትህን ባላየውም ውስጡ ዩኔምን (የማሽኑን ዓይነት የሚናገረውን ትእዛዝ) የሚጠራ መስመር አለ ብዬ እወራረዳለሁ። ዩኔም የሚያውቀው የተቀመጥክበትን ማሽን ነው፤ ሰሌዳህን ከየት ያውቀዋል? እንደ መፍትሔ እየገለበጡ የሚለጥፉት ሰዎች ይህን አይነግሩህም።

1. መስመሩን አጥፋና የቱልቼይን ፋይል (በየትኛው ኮምፓይለር ለየትኛው ማሽን እንደሚገነባ ለሲሜክ የሚነግር) ጻፍ። ለመነሻ አራት ነገር ይበቃዋል፦ ሲሜክ_ሲስተም_ኔም ሊኑክስ፣ ሲሜክ_ሲስተም_ፕሮሰሰር ኤአርች64 (የ64 ቢት አርም ስም)፣ የሲ ኮምፓይለሩ፣ የሲ++ ኮምፓይለሩ። ፕሮሰሰሩን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለሌላ ሊኑክስ ማሽን ሲሆን ሲሜክ አይገምትልህም፣ ባዶውን ይተወዋል፤ ያንተ ኤልስ (“ሌላው ሁሉ ካልሆነ” የሚለው የስክሪፕቱ ክፍል) ደግሞ ባዶውን ይዞ ወደ ኢንቴሉ ይሄዳል። የመጨረሻው ኤልስ ስህተት አውጥቶ ይቁም እንጂ አይገምት።

2. የድሮውን የቢልድ ፎልደር ሰርዝ። ሲሜክህ 3.24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ “ፍሬሽ” የሚለው አማራጭ ይበቃል። የኮምፓይለሩ መረጃ እዚያው ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ በድሮው ላይ አሥር ጊዜ ብታስኬደው ያው ነው።

3. ፕላትፎርም የምትለይበት ኮድ ከፕሮጀክት ትእዛዙ በታች ይሁን። ከሱ በላይ ሲሜክ_ሲስተም_ኔም ገና ባዶ ነው፤ ማስጠንቀቂያም የለም።

4. ስም ስታወዳድር፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰሌዳው ሲስተካከል ቀጥሎ የሚጠብቅህ ይሄ ነው። ዊንዶውስን ለመለየት በማችስ (የስሙ ቁራጭ ብቻ ቢገኝ በሚበቃው ማወዳደሪያ) “ዊን” ብለው በትናንሽ የላቲን ፊደላት የሚጽፉ አሉ። ማክኦኤስ ለሲሜክ ስሙ ዳርዊን ነው፤ “ዊን” ውስጡ ቁጭ ብሏል! ዊንዶውስ ግን በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር አይገጥምም። ስለዚህ ማኩ ዊንዶውስ ይባላል፣ ዊንዶውሱ ስም አልባ ይቀራል። በስትርኢኳል ሙሉ ስሙን አወዳድር። ዩኒክስ የሚለው ተለዋዋጭም ለማክም ለአንድሮይድም እውነት ስለሆነ ሊኑክስ ማለት አይደለም፤ ሊኑክስ የሚባለው ተለዋዋጭ የመጣው በ3.25 ነው። ዊን32 ደግሞ ስሙ አያታልልህ፣ በ64 ቢት ዊንዶውስም እውነት ነው።

የፕሮሰሰር ስምም እንዲሁ ይለዋወጣል። ሊኑክስ ላይ ኤክስ86_64 የተባለው ዊንዶውስ ላይ ኤኤምዲ64 ነው፤ ኤአርች64 ማክ ላይ አርም64 ይባላል። ሁሉንም ተቀበል። ለማክ ሁለቱንም ፕሮሰሰር የያዘ አንድ ፋይል የምታወጣ ከሆነ ግን ስክሪፕቱ ሊመርጥ አይችልም፤ ምርጫውን በኮዱ ውስጥ ለፕሪፕሮሰሰሩ (ኮዱን ከኮምፓይል በፊት ለሚያዘጋጀው ክፍል) ተወው።

ብዙ ቀን የሚያስበላው ግን አብሮ የሚገነባ ላይብረሪ በሲሜክ ሳይሆን በኦቶኮንፍ (በሌላ የመገንቢያ መሣሪያ) የሚሠራ ሲሆን ነው። ሲሜክ ውስጥ ሆስት ማለት ቢልድ የሚደረግበት ማሽን ነው። ኦቶኮንፍ ውስጥ ሆስት ማለት ውጤቱ የሚሄድበት ነው፤ ታርጌት የሚለው ደግሞ ኮምፓይለርና መሰል መሣሪያ ለሚገነቡ ብቻ ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ተቃራኒ ትርጉም። “ታርጌቴ ሰሌዳው ነው” ብለህ ታርጌትን ብቻ ብትሰጠው ምንም ሳያጉረመርም ለላፕቶፕህ ገንብቶ ያስረክብሃል፤ ስህተቱ የሚታየው መጨረሻ ላይ ሊንክ ሲደረግ፣ ማለትም የተገነቡት ክፍሎች ሲያያዙ ነው። ሆስትን ኤአርች64-ሊኑክስ-ጂኤንዩ በለው። ስሙን አላውቀውም ካለህ የላይብረሪው ኮንፊግ.ሰብ (የማሽን ስሞችን የሚያውቀው ፋይል) አርጅቷል፤ በአዲስ ተካው።

ከሁሉ በፊት ኮምፓይለሩን ለየትኛው ማሽን እንደሚገነባ በደምፕማሽን አማራጭ ጠይቀው። ኤአርች64 ካላለ ጥፋቱ የስክሪፕቱ አይደለም፣ የተሳሳተ ኮምፓይለር ነው የያዝከው። ሲያልቅ ደግሞ ውጤቱ ላይ ፋይል የሚለውን ትእዛዝ አስኪድ፤ አሁንም ኤክስ86 ካለህ ወደ 2 ተመለስ።