የሻይ ዋጋ ረክሶ ሳለ ጠመንጃ ለምን ተነሣ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ሲሆን ለዜግነት ፈተና በመዘጋጀት ላይ ነኝ። ከሚጠኑት ጥያቄዎች አንዱ «ቅኝ ተገዥዎቹ እንግሊዞችን የተዋጉት ለምንድን ነው?» የሚል ነው፤ ከመልሶቹም አንዱ የግብር መክበድ ነው። ልጄ ግን ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ የቦስተን ሰዎች ባሕር ውስጥ የደፉት ሻይ እኮ ዋጋው ቀንሶ ነበር» አለችኝ። እውነት ከሆነ ስለ ምን አመፁ? በአቤቱታ የተጀመረ ቅሬታስ እንዴት ጦር እስከ መማዘዝ ደረሰ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ ትክክል ናት። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1773 የወጣው የሻይ ሕግ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሻዩን በቀጥታ ወደ አሜሪካ ልኮ እንዲሸጥ ስለ ፈቀደለትና በእንግሊዝ ይከፍለው የነበረው ቀረጥ ስለ ተነሣለት፣ ሻዩ በኮንትሮባንድ ከሚገባው ጋር በዋጋ ሊወዳደር በቅቶ ነበር። የቀረው በአንድ ፓውንድ ክብደት የሚከፈል የ3 ፔንስ ቀረጥ ነው። ቁጣውን የቀሰቀሰውም ይኸው ትንሽ ቀረጥ ነበር፤ ርካሹን ሻይ ገዝቶ መጠጣት፣ በለንደን የተቀመጠና እነርሱ ያልመረጡት ምክር ቤት በኪሳቸው ላይ ያዝዝ ዘንድ ተስማምቶ እንደ መፈረም ሆኖ ታያቸው።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እንግሊዝ ፈረንሳይን አሸንፋ በ1763 የፓሪስን ውል ስትፈራረም፣ ዕዳዋ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ወደ እጥፍ ተጠግቶ ነበርና ቅኝ ግዛቶቹ ለመከላከያቸው የሚውለውን ወጪ እንዲጋሩ ፈለገች። በ1764 የወጣው የስኳር ሕግ የሞላሰስን ቀረጥ በጋሎን ከ6 ፔንስ ወደ 3 ፔንስ ዝቅ አደረገ። እዚህም ላይ ቀረጡ ቀነሰ እንጂ አልጨመረም፤ ነገር ግን የቀድሞው በአብዛኛው በወረቀት ላይ የቀረ ሲሆን አዲሱ በእርግጥ እንዲሰበሰብ የታሰበ ነበር፤ ሕጉን የጣሰም ጁሪ (ከሕዝቡ መካከል ተመርጠው የሚፈርዱ ሰዎች) በሌለበት፣ ዳኛው ብቻውን በሚፈርድበት የባሕር ጉዳይ ችሎት ሊከሰስ ይችል ነበር። በማግሥቱ ዓመት የቴምብር ቀረጥ ተከተለ። ውል ሲያዋውል የቴምብር ቀረጥ የከፈለ ኢትዮጵያዊ ነገሩ አይጠፋውም፤ በውል፣ በፍርድ ቤት ሰነድ፣ በጋዜጣ፣ በመጫወቻ ካርታ ላይ ሳይቀር ግዴታ ሆነ። ከዚህ የከፋ ምርጫ ለንደን ልታደርግ የምትችል አይመስለኝም፤ ጠበቃውን፣ ነጋዴውንና ጋዜጣ አታሚውን፣ ማለትም መናገርና መጻፍ የሚችለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ባላጋራዋ አደረገችው። የ9 ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች በኒው ዮርክ ተሰብስበው ለንጉሡና ለፓርላማው አቤት አሉ። ሕጉ በ1766 ተሻረ፤ ሆኖም በዚያው ቀን፣ ፓርላማው «በማናቸውም ጉዳይ» ቅኝ ግዛቶቹን የሚያስገድድ ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዳለው የሚደነግግ ሌላ ሕግ ወጣ።

በአገራችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንደሚባለው፣ እነዚህም ሰዎች ለብዙ ዓመታት ንጉሥ ጆርጅ 3ኛን አልከሰሱም። በመጀመሪያ የወቀሱት ቀረጥ ሰብሳቢዎቹን ነበር፤ ከዚያ ሚኒስትሮቹን፣ ከዚያም ፓርላማውን። ክሱ እንዲህ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር፣ አቤት የሚባልበት ደጅ እያነሰ ሄደ። የአመፁን አመጣጥ ለመረዳት ከቀረጡ መጠን ይልቅ ይህን መከተል የሚበጅ ይመስለኛል።

የፍርድ ቤቶቹን ነገር ብቻ ይመልከቱ። በ1768 ቦስተን የገቡት የእንግሊዝ ወታደሮች ማርች 5 ቀን 1770 በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኩሰው 5 ሰዎች ሞቱ። ያን ጊዜ ከተማው ጦር አላነሣም፤ ወታደሮቹ በዚያው በቦስተን ለፍርድ ቀረቡ፣ በኋላ የአሜሪካ 2ኛ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ጠበቃ ሆኖላቸው አብዛኞቹ በነጻ ተለቀቁ። ደም ፈስሶ እንኳ ነገሩ በችሎት የታየው ሕዝቡ በዳኞቹ ላይ እምነት ስለ ነበረው ነው። ዲሴምበር 16 ቀን 1773 ግን 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ሲገባ፣ ፓርላማው የቀጣው ሻዩን የደፉትን ብቻ ሳይሆን አገሩን በሙሉ ነበር። የቦስተን ወደብ ተዘጋ፤ ቦስተን የምትገኝበት የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት የአስተዳደር ቻርተር ተለወጠና የሕዝቡ እንደራሴዎች ይመርጡት የነበረው የአገረ ገዥው አማካሪ ጉባኤ በንጉሡ የሚሾም ሆነ፤ የከተማ ስብሰባ ያለ አገረ ገዥው ፈቃድ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይደረግ ተከለከለ፤ የጁሪ አመራረጥም ከሕዝቡ እጅ ወጣ።

የጦር መሣሪያው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1774 በዉስተር ከተማ ከየገጠሩ የመጡ ከ4,000 የሚበልጡ ሚሊሺያዎች መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ፍርድ ቤቱ እንዳይከፈት አገዱ፤ ዳኞቹና ሹማምንቱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሰልፉ መካከል እያለፉ፣ በአዲሱ ሕግ እንደማይሠሩ ደጋግመው እንዲያነቡ ተደረጉ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም፤ ነገር ግን በዚያ መኸር ከቦስተን ውጭ ባለው ማሳቹሴትስ የንጉሡ አስተዳደር በተግባር አከተመ። ገበሬው ባሩድ ማከማቸት ጀመረ፤ በፊላደልፊያ የ12 ቅኝ ግዛቶች ጉባኤ ከእንግሊዝ ጋር የሚደረገው ንግድ እንዲቋረጥ ወስኖ፣ ይህን የሚያስፈጽሙ ኮሚቴዎች በየከተማው እንዲመረጡ አዘዘ። ኤፕሪል 19 ቀን 1775 የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ጌጅ ከቦስተን አቅራቢያ ባለችው ኮንኮርድ የተከማቸውን መሣሪያ ለማጥፋት 700 ያህል ወታደሮች በላከ ጊዜ፣ በሌክሲንግተን 8 ሚሊሺያዎች ወደቁ፤ በመልስ መንገድ ላይ ግን ከየአጥሩና ከየግድግዳው ሥር ሲተኮስበት የዋለው ሠራዊት 73 ሰው አጣ።

ከዚህ በኋላ እንኳ ጉባኤው በጁላይ 1775 ለንጉሡ የመጨረሻ አቤቱታ ላከ። ንጉሡ አልተቀበሉትም፤ በኦገስት ቅኝ ግዛቶቹ በአመፅ ላይ መሆናቸውን አወጁ። በ1776 የወጣው የነጻነት መግለጫ በደሎቹን ሲዘረዝር «እርሱ» እያለ ንጉሡን ራሱን የከሰሰው ሌላ አቤት የሚባልበት ስላልቀረ ነው። ለፈተናው ከሚቀርቡት መልሶች መካከል «ራስን በራስ የማስተዳደር መብት ስላልነበራቸው» የሚለው ወደ ነገሩ እምብርት በጣም የሚቀርብ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ባሪያ የነበራቸው ሰዎች ስለ ነጻነት እንዴት ይዋጋሉ?» ይሉኛል። ባሮቹ ራሳቸው በዚያ ጊዜ ምን አደረጉ?

መልስ፦ የተማሪዎችዎ ጥያቄ በዚያው ዘመን በባሮቹ ተጠይቋል። በማሳቹሴትስ ባሮች ከ1773 ጀምሮ ለቅኝ ግዛቱ አስተዳደር የነጻነት አቤቱታ ያቀርቡ ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። በኖቬምበር 1775 የቨርጂኒያው አገረ ገዥ ሎርድ ደንሞር፣ ከአመፀኞቹ ጌቶች ሸሽተው ለንጉሡ የሚዋጉ ባሮች ነጻ እንደሚሆኑ አወጀ፤ በጦርነቱ ዓመታት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወደ እንግሊዝ ሠራዊት ሸሹ። ከእነዚህ አንዱ የጆርጅ ዋሽንግተን ባሪያ የነበረው ሃሪ ዋሽንግተን ነው። በ1783 ከኒው ዮርክ በመርከብ በዛሬዋ ካናዳ ወዳለችው ኖቫ ስኮሻ ሄደ፤ በ1792 ከ1,000 ከሚበልጡ ጓደኞቹ ጋር ተሻግሮ የሴራሊዮንን ፍሪታውን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆነ። እዚያም አገሩን የሚያስተዳድረው የሴራሊዮን ኩባንያ በመሬታቸው ላይ ዓመታዊ ግብር ጣለባቸው። ሰፋሪዎቹ ለለንደን አቤት አሉ፤ ባልተሰሙ ጊዜ በ1800 ከፊሎቹ የራሳቸውን ሕግ ጽፈው ለጠፉ፣ መሣሪያም አነሡ። አመፁ በወታደር ኃይል ተሰበረ፤ 2 ሰዎች ተሰቀሉ፤ ሃሪ ዋሽንግተንም ከፍሪታውን ከተባረሩት መካከል ነበረ።