ቱቦው ውስጥ የማያልቀው አረፋ

የመኪና ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። በገርጂ አካባቢ ነዋሪ ስሆን፣ የፊቱ ፍሬን ዲስክ፣ የኋላው ደግሞ ታምቡር የሆነ የ2003 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ አለኝ። በቅርቡ የኋላውን የፍሬን ሸራና በቀኝ ኋላ ጎማ በኩል ዘይት ያንጠባጥብ የነበረውን ትንሽ ሲሊንደር በራሴ እጅ ቀየርኩ። በዘይቱ መስመር ውስጥ የገባውን አየር ለማውጣት ፔዳል የሚረግጥልኝ ሰው ስላላገኘሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ከውጭ አገር በላከልኝ፣ የግፊት መለኪያ ሰዓት ባለው የእጅ ቫኪዩም (መሳቢያ) ፓምፕ ብቻዬን ልሠራው ሞከርኩ። ሦስት ነገር ግራ አጋብቶኛል። አንደኛ፣ ከፓምፑ ጋር የመጣው ወረቀት ሰዓቱ እስከ 25 ኢንች እንደሚደርስ ይገልጻል፤ የእኔ ግን የቱንም ያህል ብጨብጠው ከ21 አያልፍም። ሁለተኛ፣ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር የፍሬን ዘይት ጨርሼ እንኳ ቱቦው ውስጥ የሚታየው አረፋ አላቆመም። ሦስተኛ፣ ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ በጣም ዝቅ ይላል፤ ወዲያው ስደግመው ግን ከፍ ብሎ ይጠነክራል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የቦሎ ምርመራ ስለሚጠብቀኝ ምክርዎን እሻለሁ። (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከሦስቱ ቀላሉን አስቀድሜ ልመልስ። ፓምፕዎ ጤነኛ ነው። ሰዓቱ የሚያሳየው በውጭ ባለው አየርና በፓምፑ ውስጥ በቀረው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ስለሆነ፣ የውጭው አየር ከሚገፋው በላይ ሊያሳይ አይችልም። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት 30 ኢንች ሜርኩሪ ያህል ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ ግን 22 ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ወረቀቱን ያዘጋጁት ሰዎች እንጦጦ ሥር የሚኖር ደንበኛ እንደሚኖራቸው አላሰቡም፤ የእርስዎ 21 እዚህ ከሚቻለው ጫፍ መድረስ ማለት ነው። ለማረጋገጥ ከፈለጉ የቱቦውን አፍ በጣትዎ ደፍነው ሰዓቱን 15 ላይ ያድርሱትና አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። መርፌው ካልወረደ የፓምፑ ላስቲክ ደህና ነው።

አረፋው ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ በዚህ መሣሪያ ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነውና። የአየር ማስወጫው ቡሎን ሩብ ዙር ሲላላ ጫፉ ላይ ያለው ሾጣጣ ከመቀመጫው ይነሣል፤ በዚያን ጊዜ በቡሎኑ ጥርስ ዙሪያ ያለው ስስ ክፍተት ከውጭው አየር ጋር ይገናኛል። ሰው ፔዳል ሲረግጥ ግፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ በጥርሱ በኩል ቢበዛ ጥቂት ዘይት ያመልጣል እንጂ አየር አይገባም። ፓምፑ ግን ስለሚስብ፣ ዘይቱን ከውስጥ፣ አየሩን ደግሞ በጥርሱ በኩል ከውጭ ቀላቅሎ ያመጣቸዋል። ይህ አየር በቀጥታ ወደ ቱቦው ሄዶ የፓምፑ ማጠራቀሚያ ብልቃጥ ውስጥ የሚወርድ በመሆኑ ፍሬኑን አይጎዳም፤ ነገር ግን ሠራተኛውን ያታልላል፣ ዘይትም ያስጨርሳል። እርስዎ ያፈሰሱት አንድ ሊትር የአንዲትን ትንሽ አውቶሞቢል የፍሬን ዘይት ሙሉ በሙሉ ለመቀየር የሚበቃ መጠን ነው።

ሁለቱን አየሮች በጥቂቱም ቢሆን በዓይን መለየት ይቻላል። በጥርሱ በኩል የሚገባው እንደ አምቦ ውሃ ደቃቅና ተመሳሳይ ሆኖ፣ ከቡሎኑ አፍ ጀምሮ ሳያቋርጥ ይወጣል። ሲሊንደሩ ውስጥ ታስሮ የነበረው ግን የቱቦውን ወርድ ሞልቶ፣ የዘይቱን መስመር ቆርጦ፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ያልፍና ያበቃል። በዚህ ላይ ቫኪዩም አረፋን እንደሚያሳብጥ አይዘንጉ። አዲስ አበባ ላይ ሰዓቱ 15 ሲያሳይ በቱቦው ውስጥ የቀረው ግፊት ከውጭው አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሆነ፣ አንዲት አረፋ ሦስት እጥፍ ትሆናለች፤ በ20 ቢስቧት ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ። ጅቡቲ ወደብ ላይ በዚያው 15 የሚስብ መካኒክ የሚያየው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በእኛ ከተማ ከ10 እስከ 12 ያለው መጠን ከበቂ በላይ ሲሆን፣ ከዚያ ያለፈው ጉልበት ትርፉ የሚያስደነግጥ አረፋ ነው።

ጥርሱን ለመድፈን ርካሹ መንገድ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ቴፍሎን ነው። ቡሎኑን አውጥተው ያጽዱት፣ ከዚያም በጥርሱ ላይ ብቻ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ጠበቅ አድርገው ይጠቅልሉበት። ሾጣጣውን ጫፍና በጎኑ ያለችውን ቀዳዳ ጨርሶ እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ የቴፍሎኑ ቁራጭ ወደ ውስጥ ከገባ ሌላ መዘዝ ነው። ፍሬን ሲያዝ ዘይቱን የሚያግደው ሾጣጣው እንጂ ጥርሱ ባለመሆኑ፣ ቴፍሎኑ ቡሎኑ ላይ ቢቀር ጉዳት የለውም። አንዳንዶች በቡሎኑ ዙሪያ ተራ ግሪስ ይለጥፋሉ፤ እኔ አልመክረውም፣ ከማዕድን ዘይት የተሠራ ግሪስ የፍሬን ላስቲክን ስለሚያሳብጥ።

የኋላ ታምቡርዎ ግን የራሱ ጠባይ አለው። በትንሹ ሲሊንደር ውስጥ ያሉት ላስቲኮች ከንፈራቸው ወደ ዘይቱ የዞረ ነው፤ ዘይቱ ሲገፋቸው ከንፈሩ ተከፍቶ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። በኃይል ሲሳቡ ግን ከንፈሩ ሊላቀቅና ከውጭ አየር ሊያሳልፍ ይችላል፤ ይህኛው አየር ደግሞ ሲሊንደሩ ውስጥ የመቅረት ዕድል አለው። በመሆኑም በኋላ ጎማዎች ላይ ፓምፑን ዘይቱ ጉዞውን እንዲጀምር ብቻ፣ በዝቅተኛ መጠን ይጠቀሙበት፤ ከዚያ ፓምፑን ነቅለው ቱቦውን ዝቅ ባለ ዕቃ ውስጥ ይልቀቁትና ዘይቱ በራሱ ክብደት እንዲወርድ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ይተዉት። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ እርስዎ አጠገቡ ቡና እየጠጡ ሥራው ይሠራል።

ቡና ስል ግን የማስተሩን፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን ዋና ሲሊንደር፣ የዘይት ማጠራቀሚያ እየተመለከቱ ማለቴ ነው። እኔ ራሴ በዚህ ፓምፕ የመጀመሪያ ቀን፣ ከኋላ ጎማ ሥር ተጋድሜ ቱቦው ላይ እንዳፈጠጥኩ ማጠራቀሚያው ደርቆ፣ ቀጥሎ የመጣውን ትልቅ አረፋ «ይኸው ወጣልኝ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ከላይ የገባ አዲስ አየር መሆኑን የተረዳሁት ኮፈኑን ስከፍት ነው፤ ሥራው ከዜሮ ተጀመረ። ብልቃጡ በግማሽ በሞላ ቁጥር ተነሥተው ይመልከቱ። የብልቃጡ ክዳን ሁለት አፍ እንዳለውም ልብ ይበሉ፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ ያለው አፍ ከጎማው በኩል ለሚመጣው ሲሆን፣ ሌላው ለፓምፑ ነው። ቢቀያየሩ ዘይቱ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። ቀለም ላይ የፈሰሰ ዘይት ካለ ወዲያው በብዙ ውሃ ይጠቡት፤ የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ይልጣል።

አሁን ወደ ፔዳሉ ልምጣ፤ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ዋናው ይኸኛው ነው፣ በሦስተኛነት ቢያስቀምጡትም። አየር የያዘ ፍሬን ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ይለጠጣል፤ እግርዎን አጽንተው ቢይዙትም ልስላሴው አይጠፋም። እርስዎ የገለጹት ግን መጀመሪያ ዝቅ ብሎ፣ ሲደገም ከፍ ብሎ የሚጠነክር ፔዳል ነው። አየርም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ ሆኖም የኋላ ሸራ በቅርቡ የተቀየረ ከሆነ እኔ በቅድሚያ የምጠረጥረው ሸራው ከታምቡሩ ርቆ መቀመጡን ነው። የመጀመሪያው ርግጫ ክፍተቱን በመዝጋት ያልቃል፣ ሁለተኛው ደግሞ ሞላው ሸራውን ሳይመልሰው ይደርስና ጠንካራ ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ መኪናው በቆመበት የእጅ ፍሬኑን ጥብቅ አድርገው ይሳቡና ፔዳሉን ይርገጡ። በአንድ ርግጫ ከፍ ብሎ ከያዘ፣ ቀሪው ሥራ አየር ማውጣት ሳይሆን ሸራውን ማስተካከል ነው። የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፣ መኪናውን በክሪክ አንሥተው በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) ያስደግፉ፣ ከዚያም ጎማው ሲሽከረከር ሸራው ታምቡሩን በስሱ ዳሰስ እስከሚያደርግ ድረስ ማስተካከያውን ያዙሩት። ይህን ሳያደርጉ ሌላ ሊትር ዘይት ቢያፈሱ ፔዳሉ ከቦታው አይነቃነቅም።

ሸራው ከተስተካከለ በኋላም ፔዳሉ ከለሰለሰ፣ የመጨረሻውን ሥራ ለእግርዎ ይስጡት። ፓምፑ እዚህ አገር ሊስብ የሚችለው ከሦስት አራተኛ ባር አይበልጥም፤ እግር ግን በፍሬን መስመሩ ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠር ባር ይፈጥራል፣ ስለዚህ ከፍ ባለ የመስመር ጥምዝ ላይ የተቀመጠ ግትር አረፋን የሚያንቀሳቅሰው አንዳንዴ እሱ ብቻ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል አዲስ ዘይት ያድርጉ፣ የቱቦውን ጫፍ እዘይቱ ውስጥ አጥልቀው ጠርሙሱን ከቡሎኑ ከፍ አድርገው ይሰሩት፤ ፔዳሉ ሲመለስ አየር ሳይሆን ዘይት ይስባል። ከፔዳሉ ሥር ደግሞ እንጨት ያስቀምጡ። ያረጀ ማስተር ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ላስቲኩ ለዓመታት ሄዶበት የማያውቅ፣ ዝገትና ቆሻሻ ያለበት ቦታ ላይ ይሄድና ይቀደዳል፤ አየር ሊያወጡ ጀምረው ማስተር ገዝተው የጨረሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ከመንገድ በፊት ሞተሩን አስነሥተው ፔዳሉን ግማሽ ደቂቃ ያህል አጽንተው ይያዙ። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ መኪናው ከግቢ አይውጣ፤ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይ ማስተሩ ውስጡን እያሳለፈ ነው፤ ይህን ፓምፕ አይፈታውም።

ጥያቄ፦ በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምኖር የታክሲ አሽከርካሪ ነኝ። በ2012 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ ላይ የፍሬኑን ዘይት በእጅ ፓምፕ ብቻዬን መቀየር እችላለሁ? (አንባቢ)

መልስ፦ ባይሞክሩት እመርጣለሁ። በፕሪየስ ላይ በተለመደው ሁኔታ ፔዳሉ ዘይቱን በቀጥታ ወደ ጎማው አይገፋም፤ ኮምፒውተሩ የእግርዎን ፍላጎት አንብቦ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የተጠራቀመ ግፊት ይልካል። ያ ፓምፕ የአሽከርካሪው በር ሲከፈት ብቻ እንኳ ተነሥቶ ይሠራል፤ ቡሎን ተከፍቶ ሳለ ቢነሣ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። መደበኛው አሠራር ቴክስትሪም በተባለው የቶዮታ መመርመሪያ ቫልቮቹን እያዘዙ የሚከናወን ነው። ይህን መመርመሪያ የያዘ የፕሪየስ መካኒክ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በሚመላለስ ሚኒባስ እሠራለሁ። አየር ሳወጣ በፓምፑ ብልቃጥ የተጠራቀመው ዘይት ንጹሕ ስለሚመስል መልሼ ብጨምረው ምን ይላሉ? ዓባይ በረሃ ስወርድ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ድልድዩ ጋ ቆሜ ሳርፍ ይመለሳል። (አንባቢ)

መልስ፦ አይመልሱት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚጠጣ ነገር ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ የገባው ደግሞ በመንገዱ ሁሉ ከአየር ጋር ሲናጥ የመጣ፣ ከጎማው ዙሪያ ያለ አቧራም ያልራቀው ነው። ንጹሕ መምሰሉ ስለ ውሃው ምንም አይነግርዎትም። ሁለተኛው ጥያቄዎ ከመጀመሪያው ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ከጎሐ ጽዮን ወይም ከደጀን ወደ ድልድዩ ፍሬን እየያዙ ሲወርዱ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ያልፋል፤ ውሃ የጠጣው ዘይት ይፈላል፤ እንፋሎቱ ልክ እንደ አየር ይጨመቃል፣ ሲበርድ ደግሞ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ፔዳልዎ ድልድዩ ጋ የሚመለሰው ለዚህ ነው። የቆየውን ሁሉ አውጥተው በአዲስ ዶት 4 ይተኩ፤ ከዶት 3 ጋር ቢቀላቀል ችግር የለውም፣ ዶት 5 የተባለው ሲሊኮን ግን ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። ዘይቱን እስኪቀይሩ ድረስ ያንን ቁልቁለት ተሳፋሪ ይዘው አይውረዱ፤ ከቀየሩ በኋላም መኪናውን በዝቅተኛ ማርሽ ይዘው ይውረዱ። የተረፈውን ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቀው የተከፈተበትን ቀን ይጻፉበት፤ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ለፍሬን አያውሉት።