ኢንስትራክተር ወይስ ቲቸር?

ጥያቄ፦ ለጎልማሶች ኮምፒውተር አስተምራለሁ። በእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ ላይ ቲቸር፣ ኢንስትራክተር፣ ትሬነር ከሚሉት የትኛውን ልጻፍ?

መልስ፦ ኢንስትራክተር ይበሉ። ቃሉ እንደ መኪና መንዳት፣ ዋና ወይም ኮምፒውተር ያለ አንድን ክህሎት እያሳየ ለሚያሠራ ሰው ይውላል። ቲቸር ካሉ አንባቢው ቶሎ የሚያስበው የትምህርት ቤት መምህርን ነው። የሚያስተምሩት ሠራተኞችን ለሥራቸው ከሆነ ትሬነርም ያስኬዳል።

በጣም የሚጠነቀቁት ግን ፕሮፌሰር ለሚለው ቃል ነው። በአሜሪካ የኮሌጅ መምህር ሁሉ በልማድ ይጠራበታል፤ በብሪታንያ ግን ከፍተኛው የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ማዕረግ ስለሆነ፣ ሳይዙት መጻፍ እንደ ማጭበርበር ሊቆጠር ይችላል።

ደግሞ «ቲቸር አልማዝ» ብለው አይጻፉ። ይህ «መምህርት አልማዝ» የሚለው የአማርኛ አጠራር ቀጥታ ትርጉም ነው፤ በእንግሊዝኛ ቲቸር የሙያ ስም እንጂ ከስም በፊት የሚገባ መጠሪያ አይደለም።