ለማኪያቶም ቲፕ ግዴታ ነው ወይ ላልከው

ግዴታ አይደለም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ቁጭ ብለህ ለጠጣኸው አንድ ማኪያቶ ቲፕ ባትሰጥ ማንም አይቀየምህም፤ እንዳልከው በቀን ሦስቴ በየሲኒው መስጠት ኪስ ያራቁታል፣ ቢሰለችህም አይፈረድብህም። ምሳ በልተህ አስተናጋጇ በዚያ የድሬ ሙቀት ከተመላለሰችልህ ግን መልሱን ተውላት።

ደረሰኙንም እይ። 15 በመቶው ቫት ነው፣ ለመንግሥት እንጂ ለአስተናጋጅ አይደርስም። አንዳንድ ሆቴሎች 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨምራሉ፤ እሱ ካለ ሌላው በፈቃድህ ነው።

ቲፑን ግን ከሂሳቡ ጋር በቴሌብር አትላክ። እኔ ለወራት እንደዛ ስከፍል ቆይቼ፣ አንዷን ስጠይቃት ብሩ በቤቱ አካውንት ገብቶ እንደሚቀር ነገረችኝ። በጣም አዘንኩ። አሁን በእጇ ነው የምሰጠው።