ጌሙን ጨርሼ ልንጠቀው?

«የ15 ዓመቱ ልጄ በዚህ ሴሚስተር ውጤቱ አሽቆለቆለ፤ ጌሙን ጨርሼ ልንጠቀው?» ብለው ለጠየቁን ወላጅ፦ ገና ነው፣ አይንጠቁት። መጀመሪያ የውጤት ካርዱን አስተውለው ይመልከቱ። የወረደው በሁሉም ትምህርት ነው ወይስ በአንድ በሁለቱ? ሒሳብ ብቻ ወድቆ ሌላው እንደነበረ ከሆነ ጌሙ መሸሸጊያው እንጂ መንስኤው ላይሆን ይችላል። ያልገባው ምዕራፍ አለ፤ ደብተሩን ሲከፍት ስለሚጨንቀው ወደሚችለው ነገር ይሄዳል። እንዲህ ላለው ልጅ አስጠኚ ነው የሚያስፈልገው። ሁሉም ባንዴ ከወረደ፣ በተለይ መምህራኑ ጠዋት ጠዋት ያንቀላፋል ካሉ፣ እንቅልፉን ይጠርጥሩ።

ለአንድ ሳምንት መቼ እንደተኛ፣ መቼ እንደተነሳ፣ የቤት ሥራና ጌም መቼ እንደጀመረና እንደጨረሰ ይመዝገብ። ራሱ ቢጽፈው ይመረጣል። በድብቅ ተከታትለው ከደረሱበት ግን ወሬው ሁሉ ስለ መሰለል ይሆናል።

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ከሆነ ማታ 3 ሰዓት ቢተኛ 9 ሰዓት ያገኛል። ጌሙ ደግሞ ከመኝታ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኦንላይን ጨዋታ እንደፈለጉ አይቆምም፤ የፐብጂ አንድ ዙር 30 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ዶታ 40 ደቂቃም ሊያልፍ ይችላል። መሃል ላይ ጥሎ የወጣ ተጫዋች ይቀጣል፣ ጓደኞቹም በጎደለ ሰው ይሸነፋሉ። ሶኬቱን ሲነቅሉበት የሚያብደው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሕጉ «2 ሰዓት ላይ አጥፋ» ሳይሆን «ከ1 ሰዓት ከሩብ በኋላ አዲስ ዙር አይጀመርም» ይሁን። ይህን ከልጁ ጋር ተነጋግራችሁ ብትወስኑት ጭቅጭቁ በእጅጉ ይቀንሳል።

ኮንሶሉ (እንደ ፕሌይስቴሽን ያለው የጌም ማጫወቻ) ከመኝታ ክፍል ይውጣ፤ ስልኩም ሌሊት ሳሎን ቻርጅ ይደረግ። ኮንሶሉን አውጥቶ ስልኩን መተው ዋጋ የለውም። ፕሌይስቴሽን ላይ የልጁን አካውንት ሰዓት መገደብ ብቻውን አይበቃም፤ አዲስ ተጠቃሚ ከፍቶ ወይም በእንግዳነት ገብቶ ይጫወታል። ሁለቱንም ይዝጉ፣ ሲገዛ የሚመጣውን 0000 የይለፍ ቁጥርም ይቀይሩ። ሰዓቱ ሲሞላ ከጨዋታው ከሚያስወጣው ቅንብር ይልቅ የሚያስጠነቅቀውን ቢመርጡ ዙሩ አይቋረጥበትም።

«አንድ ሰዓት ካጠናህ አንድ ሰዓት ትጫወታለህ» የሚለውን ውል አልመክርም። ልጁ መጽሐፍ ላይ አፍጥጦ ደቂቃ ይቆጥራል። ይልቅ የቤት ሥራውን ጨርሶ፣ ከሠራቸው ሁለት ጥያቄዎችን ደብተር ሳያይ ያስረዳዎት፤ ከዚያ ይጫወት። ቅዳሜና እሁድ ረዘም ቢል ችግር የለውም። ግን እስከ እኩለ ቀን ከተኛ እሁድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፤ የመነሻ ሰዓቱ ከአዘቦቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አይዘግይ።

እንቅልፉ በአንድ ሁለት ሳምንት ሊስተካከል ይችላል። ውጤቱ ግን ለመሻሻል ይቆያል፤ ያመለጡት ምዕራፎች ገና አልተጠኑምና። ስለዚህ የሚቀጥለውን ፈተና አይተው «አልሠራም» ብለው አይተዉት፣ ያመለጠውንም በየትምህርቱ ለይታችሁ ጀምሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታ ዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል፤ ዝርዝሩም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። መለያዎቹ ሦስት ናቸው፦ መቆጣጠር አለመቻል፣ ጌሙን ከሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳቱን እያዩ መቀጠል። አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር መቆየቱ ይታያል። ትምህርት ቤት መሄድ ካቆመ፣ ምግብ ከተወ ወይም ከሰው ከሸሸ ግን ወሩን አይቁጠሩ፤ አሁኑኑ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ይውሰዱት።