አንቱ ብያቸው የለ?

ጥያቄ፦ ለክፍል ኃላፊዬ «የተፈረመውን ቅጽ ዛሬ ይላኩልኝ» የሚል ኢሜይል ጻፍኩ። ቅር አላቸው። «አዛዥ ሆንክ እንዴ?» አሉኝ። አንቱ ብያቸው የለ? ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ አንቱታው ላይ አይደለም። አንቱታ የሚነግረን ሰውየውን በምን ዓይን እንደምናያቸው ነው። ትእዛዙን ግን ልመና አያደርገውም። «ላክልኝ»ም «ይላኩልኝ»ም ያው ትእዛዝ ናቸው። ፊት ለፊት ተገናኝታችሁ ቢሆን ፈገግታዎና የድምፅዎ ልስላሴ ያበርዱት ነበር። ኢሜይል ላይ ግሱ ብቻውን ይቀራል።

ለዚህ ጊዜ የምትደርስልን «ቢ» ናት። «ቅጹን ዛሬ ቢልኩልኝ ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ።» ጥያቄው አለ፣ ቀኑ አለ፣ ምክንያቱም አለ። «እባክዎ» ማከልም ያባት ነው። በአንድ ኢሜይል ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ግን ሙጭጭ ማለት ይመስላል። «ሊልኩልኝ ይችላሉ?» የሚሉም በዝተዋል። እኔ ብዙም አልወደውም፤ መቻሉንማ ይችላሉ!

«ቢልኩልኝ ጥሩ ነበር» ላይ ደግሞ ይጠንቀቁ። እርስዎ ለማለዘብ ብለው የጨመሯት «ነበር» ወቀሳ ልትሆን ትችላለች። አንባቢው «ሳልልክ ቀረሁ ማለት ነው?» ብሎ ይደነግጣል።

አንቱታ ሌላም ጣጣ አለው። ይህችን ይዩልኝ፦ «ከሒሳብ ክፍል ሰዎች ጋር ተነጋግሬያለሁ። ደረሰኙን ዛሬ ቢልኩልኝ እጨርሳለሁ።» ላኪው ማን ነው? እርስዎም «ይልካሉ»፣ እሳቸውም «ይልካሉ»፣ እነሱም «ይልካሉ»። ሦስቱም አንድ ናቸው። ስናወራ ዓይናችን ወደሚመለከተው ሰው ይዞርና ነገሩ ይለያል። ስንጽፍ ግን ባለቤቱን መጥራት ግድ ነው፦ «ደረሰኙን እርስዎ ቢልኩልኝ»። አለዚያ ኃላፊው እነሱን ሲጠብቁ፣ እነሱ ኃላፊውን ሲጠብቁ ቀኑ ይመሻል።

እንዲህም ሆኖ አንቱታን አይተዉት። ስማቸው ወንድ ይሁኑ ሴት ለማይለይ ሰው ሲጽፉ ከ«አንተ» እና «አንቺ» ጭንቀት የሚገላግልዎ እሱ ብቻ ነው።

«ነገ» የምትለዋንም በቀን ስም ይተኩልኝ። ማታ የጻፉትን ሰውየው በማግስቱ ከከፈቱት የእርስዎ ነገ የእሳቸው ዛሬ ነው።

ኢሜይልዎ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ፦ «መልሶን እጠብቃለሁ»። «እርሶ» ብለው የሚጽፉ ሰዎች እዚህም ይሳሳታሉ። አጻጻፉ «እርስዎ»፣ «ስምዎ»፣ «መልስዎን» ነው። «መልሶን» እኮ «እኛን መልሶ» ማለት ነው። ማን፣ ወዴት እንደመለሰን እንጃ!