ልጇ ሁሉንም ነገር እየፈታ ላስቸገራት እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። "አዳማ ነው የምንኖረው፣ የ13 ዓመቱ ልጄ ሬዲዮውን ፈታ፣ የስልክ ቻርጀሩን ፈታ፣ አሁን ደግሞ ቪዲዮ እያየ በረኪና ከምን ጋር ቢቀላቀል ምን እንደሚሆን ይጠይቀኛል፤ ልከልክለው ወይስ የሆነ ነገር ልግዛለት?" ነው ያልሽው። ከላይ "የሳይንስ መሞከሪያ ኪት ግዢለት" ያሉሽ አሉ፣ "ቤቱን ሳያቃጥል አስቁሚው" ያሉሽም አሉ። እኔ ሁለቱንም አልልም። ደብረ ብርሃን ያደግኩ፣ በልጅነቴ የልጅሽ ቢጤ የነበርኩ፣ ዛሬ በኤሌክትሮኒክስ ጥገና የምተዳደር ሰው ነኝ። ረዘም ይላል፤ ቡና ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የበረኪናውን ነገር እንጨርስ፤ እሱ ላይ ድርድር የለም። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ከተገናኘ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሌላ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆስፒታል የሚያስገባ ነገር ነው። ግን "አትንካ!" ብለሽ ብቻ አትተይው፣ ምክንያቱን ንገሪው። የሚፈታታ ልጅ ምክንያቱ ሲነገረው ይሰማል፤ ክልከላ ብቻ ከሆነ ተደብቆ ይሞክረዋል። እኔ ተደብቀው ከሚሞክሩት ነበርኩ።

ክሎሪንን ያወቅኩት በአፍንጫዬ ነው። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ውሃ በኤሌክትሪክ ሲከፈል ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን እንደሚሰጥ ተማርን። ውሃ ብቻውን ኮረንቲ በደንብ አያስተላልፍም፣ ጨው ይጨመርበታል የሚለውን ደግሞ ከሆነ ሰው ሰማሁ። ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ ጥቁሩን የካርቦን ዘንግ አወጣሁ። ያኔ የነበረው የድሮው ዓይነት ድንጋይ ነው፤ አልካላይን የሚባለው የአሁኑ ውስጡ ቆዳ የሚበላ ነገር ስላለው እንዳይከፍተው። በጣሳ ውሃ ላይ ሁለት ማንኪያ ጨው ጨመርኩና አራት ድንጋይ ቀጣጥዬ ሽቦውን ከዘንጎቹ ጋር አገናኘሁ። ደብረ ብርሃን ነው፣ ሐምሌ ነው፤ የማድ ቤት በር ክፍት የሚተው ሰው የለም። አረፋው ብቅ ሲል ደስታዬን አልነግርሽም። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠግቼ ስሰማው ስስ ሆኖ ይንሸዋሸዋል። ትንሽ ቆይቶ የበረኪና ሽታ አፍንጫዬን መታው፣ ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ እያሳልኩ ሮጬ ወጣሁ። እናቴ በረኪናዋን የደፋሁባት መስሏት ልክ ልኬን ነገረችኝ።

ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። በጨው ውሃ ከፖዘቲቩ ዘንግ የሚወጣው በአብዛኛው ኦክሲጅን ሳይሆን የጨው ክሎሪን ነው፤ ጣሳው ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽ ደግሞ ወደ ኮስቲክ ሶዳ እየተለወጠ ይሄዳል። ክሎሪኑ ከዚያ ፈሳሽ ጋር ሲዋሃድ የሚሠራው ራሱ በረኪና ነው። እናቴ ለካ ብዙም አልተሳሳተችም።

ልጅሽ ይሄንን መሞከር ከፈለገ በጨው ፈንታ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ያድርግበት፣ መስኮት ይከፈት፣ ጋዙንም አጠራቅሞ ክብሪት እንዳይጭርበት። የእርሳስ ጥቁሩ ክፍል ለዘንግ ይበቃል። ከኔጌቲቩ የሚወጣው አረፋ ከፖዘቲቩ በጣም እንደሚበልጥ በዓይኑ ያየዋል፤ ለምን እንደሚበልጥ ራሱ ይፈልግ፣ አትንገሪው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልሂድ። ገንዘብ ልታወጪ ካሰብሽ ከኪቱ በፊት ቴርሞሜትር ግዢለት። ከ100 በላይ የሚያነበውን የላብራቶሪ ወይም የምግብ ቴርሞሜትር ማለቴ ነው፤ የትኩሳት መለኪያው ፍል ውሃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል።

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ከትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ አንዱን ለቅዳሜና እሁድ ተዋስኩ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለናል፣ ፈተና ላይም ጽፈን ተስተካክሎልናል። ድስቱ እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 91 ላይ ቆመ። እሳቱን ጨመርኩበት፤ ውሃው ይበልጥ ተንፈቀፈቀ እንጂ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሰኞ ለአስተማሪዬ ስነግረው "ተበላሽቷል፣ መልሰው" አለኝ። አመንኩት። ማታ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ከተበላሸ በረዶ ላይም መሳሳት አለበታ! ከጁስ ቤት በረዶ ለምኜ ሰባበርኩት፣ ትንሽ ውሃ ጨምሬ ቴርሞሜትሩን ከተትኩበት። ልክ ዜሮ ላይ ተኛ። ደብተሬ እስካሁን አለ፤ "በረዶ 0፣ ፍል ውሃ 91፣ ቴርሞሜትሩ ደህና ነው" ይላል፣ "ደህና" የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ክረምት ላይ ድሬዳዋ አክስቴ ጋ ስሄድ ቴርሞሜትሩን በካልሲ ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ (አለመመለሴን ላብራቶሪው ይቅር ይበለኝ)። እዚያ 96 አነበበ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ከፍ ባልሽ ቁጥር ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ ውሃው ቶሎ ያመልጣል፤ በየ300 ሜትሩ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ ነው። ደጋ ላይ ባቄላና ሽምብራ ለማብሰል ቀኑ የሚመሸው ለዚህ ነው፤ ውሃው እየፈላ ነው እንጂ እንደ ቆላው አልጋለም። የግፊት ድስት የሚያደርገውም ሌላ ምንም ተአምር አይደለም፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከድሬዳዋም ዝቅ ያለ አገር አየር ድስቱ ውስጥ ያመጣልሻል።

ይሄንን ያህል የዘረዘርኩት ያለምክንያት አይደለም። ሰው "ሙከራ" ሲባል የሚፈነዳና የሚያጨስ ነገር ነው የሚታየው። የሚፈነዳ ነገር አንዴ ታይቶ ያልቃል፤ ከተባለው የማይገጥም ቁጥር ግን እንቅልፍ ይነሳል። ስለዚህ ከቴርሞሜትሩ ጋር አንድ ደብተር ስጪው። ቀን፣ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደጠበቀ፣ ምን እንዳየ ይጻፍ። አንድ ነገር ሲቀይር ሌላውን አይንካ። ከዚህ የበለጠ ትምህርት እኔ አልተማርኩም።

ኬሚስትሪ ከወደደ ማድ ቤትሽ ይበቃዋል። አልጫ ነጠላሽ ላይ ተንጠባጥቦ፣ ሳሙና ሲነካው ቢጫው ደም መስሎ አስደንግጦሽ አያውቅም? እርዱ ነው። እርድ አሲድ ላይ ቢጫ፣ ሳሙናና አመድ ላይ ደግሞ ቀይ ይሆናል። ሎሚ ጨመቅ ሲያደርግበት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። እርዱን በትንሽ የቁስል አልኮል በጥብጦ ነጭ ወረቀት ይቀባበት፤ ይሄን ሲያደርግ ምድጃ አጠገብ እንዳይሆን። ሲደርቅ ቆራርጦ ያገኘውን ሁሉ ይሞክርበት፤ የአመድ ውሃ፣ አቼቶ፣ እርጎ፣ የልብስ ሳሙና፣ እርሾ። አምቦ ውሃም ይሞክር። እንደተከፈተ ወረቀቱን አይለውጠውም፤ ጋዙ ሁሉ እስኪወጣ አፍልቶ አቀዝቅዞ ደግሞ ይንከርበት፣ ድስቱ ላይ የሚቀረውን ነጭ ነገርም ይመልከት። ያ ነጭ ነገር ድሬዳዋ አክስቴ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደ ድንጋይ የሚጋገረው ዘመድ ነው፤ አቼቶ ሲፈስበት ይንጨረጨራል።

"ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው" የሚል አይጠፋም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ያዩት ነገር እኮ ልብስ አጣቢ ሴቶች ነበሩ። በእንዶድ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያዛምተው ደግሞ ይህ ቀንድ አውጣ ነው። በእንዶድ የሚያጥብ ሰው በአገሩ ሞልቷል፤ ከአጣቢዎቹ በላይና በታች ያለውን ውሃ ያነጻጸሩት ግን እሳቸው ናቸው። በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል።

ወደ ሽቦው ልምጣ፣ ዋናው ፍርሃትሽም እሱ ይመስለኛል፤ ልክ ነሽ። ቻርጀሩን እንዳይፈታ። ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራ ማንኛውም ነገር፣ ቢነቀልም፣ ለእሱ ገና ነው። "ቢነቀልም" ያልኩት በደሜ ያወቅኩት ስለሆነ ነው። ሙያውን መልመድ በጀመርኩበት ዓመት አንድ የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ ከፈትኩ። ጠንቃቃ ነኝ ብዬ ሶኬቱን ነቅዬ ለማረጋገጥ በግራ እጄ ይዤዋለሁ። ቀኝ ጣቴ የትልቁን ካፓሲተር (ኮረንቲ የሚያጠራቅመውን ዕቃ) እግር ነካ። እጄ ወደኋላ ተወርውሮ መደርደሪያውን መታው። ቁጭ ብዬ በግራ እጄ የያዝኩትን ሶኬት አየዋለሁ፤ ምንም ላይ አልተሰካም፣ እና ኮረንቲ ይዞኛል! የቤታችን መብራት 220 ቮልት የሚባለው ከፍ ዝቅ የሚለው ኮረንቲ ውጤታማ ልኩ ነው፤ ጫፉ 310 ያህል ይደርሳል፣ ካፓሲተሩም የሚያጠራቅመው ጫፉን ነው፣ ከተነቀለም በኋላ ይዞት ይቆያል። የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ደግሞ ስክሪኑ ጋ ከ20,000 ቮልት በላይ አለው። ማይክሮዌቭ በዚህ ሥራ የቆየ ቴክኒሻንም ቢሆን ፈርቶ የሚከፍተው ነገር ነው።

ደንቡ አጭር ነው፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ይፍታ። ሪሞት፣ የተሰበረ መጫወቻ መኪና፣ የእጅ ባትሪ፣ በድንጋይ ብቻ የሚሠራ ሬዲዮ። ከእነዚህ የሚወጡት ሦስት ብቻ ናቸው፦ የትንኝ መምቻ ራኬትና ፍላሽ ያለው የድሮ ካሜራ፣ በትንሽ ድንጋይ ትልቅ ቮልት ስለሚሠሩ፤ የስልክና የፓወር ባንክ ባትሪ፣ ከተወጋ ስለሚነድ። ያለቀ ቆጣቢ አምፖልም አይሰበር፤ ውስጡ ሜርኩሪ አለ።

የሚገዛው ብዙ አይደለም። ርካሽ መልቲሜትር (ቮልትና ኮረንቲ የሚለካ መሣሪያ)፣ አራት ትንንሽ ድንጋይ የሚይዝ ሳጥን፣ ጫፉ መቆንጠጫ ያለው ሽቦ፣ ጥቂት ኤልኢዲ (ትንንሽ አምፖል)፣ ጥቂት 220 ኦም ሬዚስተር (ኮረንቲውን የሚገታ)። አራቱ ድንጋይ 6 ቮልት ይሰጣሉ፣ ቀይ ኤልኢዲ 2 ገደማ ይወስዳል፣ የቀረው 4 ቮልት በ220 ሲካፈል 18 ሚሊ አምፒር ይመጣል። አንዱን ያለሬዚስተር ሰክቶ ያቃጥለው፤ የኦም ሕግን (ቮልት ለኦም ሲካፈል ኮረንቲውን ይሰጣል) ከዚያ በኋላ አይረሳም። ሞተርና ድምፅ ማጉያ ከቆራሌው ታገኛላችሁ፤ እኔ መርካቶ ምናለሽ ተራ ስገባ አሁንም ዓይኔ ይቅበዘበዛል። አርዱይኖ የሚባለው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ ይቆይ፤ መጀመሪያ መልቲሜትር ማንበብ ይልመድ።

መልቲሜትሩን የሚለምድበት ጥሩ ነገር ሎሚ ነው። የቆርቆሮ ሚስማር ዚንክ የተቀባ ነው፤ እሱንና የተላጠ የመዳብ ሽቦ ሳይነካኩ ሎሚው ላይ ሲሰካ 0.9 ቮልት ገደማ ያነባል። ሦስት ሎሚ ሲቀጣጠል 2.7 ይሆናል፣ ኤልኢዲው ግን እየተለማመጠ ነው የሚበራው። ኤልኢዲው ተሰክቶ እያለ መልቲሜትሩን እንደገና ያስጠጋው፣ ቮልቱ ሲወርድ ያያል። ቮልት አለ ማለት ጉልበት አለ ማለት እንዳልሆነ እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ከዚያ ወደ ድንች ይሂድ፣ አንዱን ጥሬ አንዱን ቀቅሎ። እ.ኤ.አ. በ2010 የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድንችን መቀቀል ብቻ ጉልበቱን እስከ አሥር እጥፍ እንደሚያሳድገው አሳትመዋል፤ በ13 ዓመት ልጅና በሁለት ድንች የሚፈተሽ ነገር ነው። ሎሚውንም ድንቹንም ሲጨርስ ይጣሉ፣ ብረት ስለገባባቸው አይበሉም።

የአዳማው ነገር እንዳይረሳ። ከተማችሁ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው። መጀመሪያ ልጁ ደብተሩ ላይ አስልቶ ይጻፍ፣ ከዚያ ያፍላ፣ ቴርሞሜትሩ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቅ። እኔ 94 ብያለሁ። ምን እንዳነበበ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ከ94 ከራቀ ግን መጀመሪያ በረዶ ላይ ይሞክረው።